ምሽት 2 ሰዓት በኢፕር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም አክስትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ቤልጅየም እንዴት ናት?» ስትይኝ «ቆንጆ ናት» ብዬ ያለፍኩት፣ የቀረውን ሳላለቅስ መናገር ስላልቻልኩ ነው።

ብሩዥን አይቻለሁ። በቦዮቿ ዳር የተደረደሩት የጡብ ቤቶች፣ 366 ደረጃ ያለው የደወል ማማዋ፣ ሁሉም ያማረ ነው። ከባሕር ያገናኛት የነበረው የውሃ መንገድ በደለል ሲሞላ ንግዱ ወደ አንትወርፕ ሄደ፤ እሷም ደኸየችና አሮጌ ቤቶቿን እንደያዘች ቀረች።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ኢፕር ስለምትባለው ከተማ ነው። ከአክስትሽ ቤት፣ ከጌንት፣ በባቡር ወደ ምዕራብ ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፤ ድንች፣ የላሞች ግጦሽ፣ እኛ ለጠላ ጌሾ እንደምንጨምረው ለቢራ የሚጨምሩት ሐረግ በረጃጅም እንጨት ላይ ተንጠላጥሎ። በዚህ መሬት ላይ ከ1914 እስከ 1918 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ አራት ዓመት ተዋግተውበታል። ገበሬው ዛሬም ሲያርስ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣል፤ ከእርሻው ዳር ያስቀምጠውና ወታደሮች መጥተው ይወስዱታል። መቶ ዓመት አልፎት መሬቱ ገና አልጨረሰም።

ከተማዋማ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልቀረላትም ነበር። እንደ ጥንቱ አድርገው መልሰው ሠሯት፤ ትልቁ የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ ያለቀው በእነሱ አቆጣጠር በ1967 ነው።

አመሻሹ ላይ ሜኒን በር ወደሚሉት ቅስት ሄድን። መቃብራቸው ያልታወቀ የእንግሊዝና የግዛቶቿ ወታደሮች፣ ከ54,000 በላይ ሰዎች ስማቸው ተቀርጾበታል። በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን መኪና ቆመ፤ ሰዎች መጥተው መለከት ነፉ። በእነሱ አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ በየምሽቱ እንዲህ ያደርጋሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን ሲይዙ ተቋርጦ ነበር፤ ነጻ በወጣችበት ዕለት ምሽት ግን እንደገና ነፉት። የአንዱ አስከሬን ተገኝቶ ማንነቱ ሲታወቅ በስሙ መቃብር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ከግድግዳው ይነሳል። አክስትሽ ይህን ስትነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝና ከጥጉ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ አጎትሽ በ1980 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። መርዶ አልመጣም። አያትሽ «መርዶ ላልመጣለት ልጅ እንዴት አለቅሳለሁ?» ብላ ድንኳን አላስተከለችም፤ ተዝካር አላወጣችም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጋቢውን አጥባ ታሰጣ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ። እኔም ስለ እሱ አላነሳሁልሽም፤ ዝም ያልኩት እናቴን የከዳሁ እየመሰለኝ ነበር። እዚያ ግድግዳ ሥር፣ የማላውቃቸውን የሰው ልጆች ስም ሳነብ፣ የወንድሜን ስም ጮክ ብዬ ከጠራሁ ስንት ዘመኔ እንደሆነ አሰብኩ። ጠራሁት። አክስትሽም ጠራችው።

ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ያለው፣ ለምን እንደማንለብሰው የምትጠይቂኝ ጋቢ የእሱ ነው። አውጥተሽ ፀሐይ አስመቺልኝ። የክርስትና ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ፤ እስክመጣ አትጠብቂ፣ እሑድ ለንስሐ አባታችን ስጪልኝ።

እናትሽ