ቤት ውስጥ አስቤዛ ስለማከማቸት

ከሱፐርማርኬት ዘይትና ስኳር ሲጠፋ ቤት ውስጥ አስቤዛ መያዝን ስለሚመክረው ጽሑፋችሁ ነው የምጽፈው። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ጊዜው ላይ ግን አልስማማም። ዕቃ ጠፋ ሲባል ሮጦ ጀሪካን በጀሪካን ላይ መደርደር ዋጋውን ይብስ ያንረዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ የዕለት ገቢውን ይዞ በኪሎና በሊትር የሚሸምተው የቀን ሠራተኛ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የተጠለለው ተፈናቃይም ነው። ይሄ ያሳስበኛል።

ማከማቸት ያለብን እህሉ ከአውድማ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ክረምት ላይ የገበሬው ጎተራ ሲጎድል ዋጋው መውጣቱ አይቀርም። ደግሞ እህሉ በጥሬው ይቀመጥ፤ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፣ ዘይትም ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣል። ገብሱንና ባቄላውን በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ነቀዝ አየር ሲያጣ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልግም።

ችግሩ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ኩንታል የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ የሸማቾች ማኅበራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እህሉን ከገበሬዎች ማኅበራት በቀጥታ እየገዙ ለአባላት በወር በወር በሚከፈል ዋጋ ያቅርቡ፤ ከረጢቱንም አብረው ይሽጡ።

አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን