የአያትሽን የዓይን ጠብታ አደራ

ሚጡዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አያትሽ የዓይናቸው ሞራ ተነሥቶላቸው ኮዬ ፈጬ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለው ታች የሚያልፈውን ጎረቤት ሁሉ በስሙ እየጠሩ ነው። ደስ ሲል! ግን ማየት ስለጀመሩ «ድኛለሁ፣ ጠብታው ይቅርብኝ» ይላሉ። እሑድ መጥተሽ አንቺ ስለምትይዣቸው ይህን በደንብ አንብቢው።

ቀዶ ጥገናው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ተካ እንጂ የተነካው ዓይን ገና አልሻረም። ውስጡ ተቆጥቷል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ጠብታ ያንን ቁጣ ነው የሚያበርደው። ካልበረደ ሬቲናቸው፣ ማለት ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሊያብጥና እይታቸው መልሶ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ስኳር ስላለባቸው ደግሞ ይበልጥ ያሰጋቸዋል። ሐኪሙ በቀን 4 ጊዜ ብሎ ጀምሮ በየሳምንቱ ወደ 3፣ ወደ 2፣ ወደ 1 ያወረደው በአንዴ ሲቋረጥ ቁጣው ስለሚያገረሽ ነው። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

ትልቁ ጭቅጭቅ ጾም ነው። ምሬቱ ጉሮሯቸው ስለሚደርስ ቅዳሴ ሳይወጣ አላስነካም ይላሉ። የንስሐ አባታቸው መድኃኒት ነው፣ ይደረግ ብለዋቸዋል፤ ካንገራገሩ ይህን አስታውሻቸው። የሚመራቸው ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ስላለ ነው። ስለዚህ ካንጠባጠብሽላቸው በኋላ ይጨፍኑ፣ አንቺ ደግሞ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ፣ የዓይናቸውን ኳስ ሳትነኪ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ያዢላቸው። ምሬቱ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም እዚያው ዓይናቸው ውስጥ ይቆያል።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ብልቃጡን ነቅንቂው፣ ጫፉ ሽፋሽፍታቸውን እንዳይነካ። አንድ ጠብታ ይበቃል። ሌላውን፣ የኢንፌክሽኑን ጠብታ፣ 5 ደቂቃ ቆይተሽ አድርጊላቸው። ስግደቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፣ ጠበሉንም ይጠጡት እንጂ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ። መብራት ጠፍቶ በእንጨት ሲጋገር ጭሱ ጋ እንዳይጠጉ፣ የሰፈራችንን አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሲወጡ መነጽራቸውን ያድርጉ።

ጎረቤት ዓይኔ ቀልቶ ነው፣ ትንሽ አንጠብጥቢልኝ ካለሽ እሺ እንዳትዪ። ዓይኑ ኢንፌክሽን ይዞት ከሆነ ይህ መድኃኒት ሊያባብስበት ይችላል፣ የዓይን ግፊትም የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ። ይሉኝታ አይያዝሽ።

ሕመሙ ከባሰባቸው፣ እይታቸው ከቀነሰ፣ ቅላቱ ከጨመረ ወይም መግል ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ራይድ ጠርተሽ ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ መንገድ ላይ ደውዪልኝ።

ብልቃጡ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ሰፈር ያሉት መድኃኒት ቤቶችም ሁልጊዜ የላቸውም። የማዘዣውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ከተማ ስታልፊ ገዝተሽ ነይ።

እናትሽ