ለቦርድ ለተመረጥሽው እህቴ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ባለፈው ሰሞን ታናሽ እህትሽን ታክሲ ተራ አገኘኋት፤ እዚያ አሜሪካ ለደብራችሁ ቦርድ መመረጥሽን ነገረችኝ። ደስ አለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብቻ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ሆዴ እንቢ አለኝ።

የግንቦት 12ን ልንገርሽ። ያው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፤ የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ አፈወርቅም ይታሰብበታል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ለሕንፃው ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ከፊት ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሁሌ ቅጥሩን የሚጠርጉት እናት፣ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው ዳር ካለው አንዱ ላይ አረፍ አሉ። አስተናጋጁ መጥቶ በጆሯቸው የሆነ ነገር አላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ከኋላ ሄደው መሬት ተቀመጡ። ወንበሩ አርፍዶ ለመጣ ባለሀብት ተሰጠ። አባቶችም ብድግ ብለው ተቀበሉት።

ሰባኪው በዚያች ሰዓት ምን ያስተምር ነበር መሰለሽ? ንግሥት አውዶክስያ የድሀዋን መበለት ቦታ ስትነጥቅ ዮሐንስ አፈወርቅ እንዴት እንደገሠጻት። ጥሩ አድርጎ ነው ያስተማረው፤ ያለቀሱም ነበሩ። ዮሐንስ ዝም ቢላት ኖሮ ማን ይነካው ነበር? እ.ኤ.አ. በ404 ከቁስጥንጥንያ አጋዙት፤ በ407 በግዞት መንገድ ላይ ዐረፈ። በመንበሩ ሳለም የጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ማረፊያ ያዋለ አባት ነው። እኛ ይህን ሰምተን፣ እንባችን ሳይደርቅ ጨረታ ገባን።

የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ቀረበ። ሃምሳ ሺህ! ስልሳ! ሰማንያ! ሁለት ሰዎች ተያያዙ። ማይክራፎን የያዘው "እልል በሉለት!" ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል። ሥዕሉን የሚያይ አልነበረም። የሁሉም ዓይን ማን ያሸንፋል ላይ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ አሥር ብር የጨመሩትን የጠራቸው የለም።

በአባቶች ብቻ አልፈርድም። ለልጃችን ሠርግ ጳጳስ ካልተገኘ የምናኮርፈው፣ ስማችን ካልተጠራ ደብር የምንቀይረው እኛው ነን። የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲደርስ ሽኩቻውን አታንሺው። ግን አባቶቹ ላይ የበለጠ አዝናለሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ባለ ወርቅ ቀለበቱን መልካም ስፍራ አስቀምጠው ድሀውን ስለሚያቆሙ ሰዎች የጻፈውን እነሱ ናቸው ያስተማሩን።

እንግዲህ አንቺ አሁን የሚሰማ ድምፅ አለሽ። የፊት ወንበር ለአረጋውያንና ለታመሙ ይሁን። ገንዘብ የሰጠ ሰው ስም በማይክራፎን አይጠራ፤ ደረሰኝ ይበቃዋል። ሒሳቡ ግን በየጊዜው ለምእመኑ ይነበብ፤ እሱን አትተዪው። ገቢ ይቀንሳል ብለው ይከራከሩሻል። ይቀንስ ይሆናል። ሕንፃው ትንሽ ቢዘገይ ምን ይመጣል? እዚህ ለአለቃው አንሥቼው "ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው" አሉኝ። እኔ ግን ደግሜ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

እናንተ ጋ እንዴት ነው? ጨረታውስ አለ? ቁጭ ብለሽ በዝርዝር ጻፊልኝ። ባለቤትሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ