ከማይክሮፎኑ ወደ ሥልጣን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሴት ጋዜጠኞችና ፖለቲካ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የካናዳዋ ዳንዬል ስሚዝ መዘለል አልነበረባቸውም።

ወይዘሮ ስሚዝ በካልጋሪ ሄራልድ ጋዜጣ ዓምደኛ ነበሩ፤ በቴሌቪዥንም ሠርተዋል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) አልበርታ በተባለችው የካናዳ ክፍለ ግዛት የዋይልድሮዝ ፓርቲ መሪ ሆኑ። በታኅሣሥ 2014 ግን የተቃዋሚ መሪነታቸውን ትተው ከ8 የፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ጋር ገዥውን ፓርቲ ተቀላቀሉ። ደጋፊዎቻቸው ክፉኛ ተቆጡ። በቀጣዩ ዓመት ለምርጫ ለመወዳደር የፓርቲ ዕጩነት እንኳ አላገኙም። ብዙዎች በቃ፣ አለቀላቸው አሉ።

ያነሳቸው ሬዲዮ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2015 እስከ 2021 መጀመሪያ በካልጋሪ የሬዲዮ የውይይት ፕሮግራም አዘጋጅ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ሰው ደውሎ ብሶቱን ያወራል፤ አዘጋጇ ታዳምጣለች፣ ትከራከራለች። ሕዝቡ ምን እንደሚያንገበግበው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በጥቅምት 2022 የክፍለ ግዛቷ ፕሪሚየር፣ ማለትም የመንግሥቷ መሪ ሆኑ።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በመሪነታቸው በሬዲዮ እየቀረቡ የአድማጮችን ጥያቄ ይመልሳሉ። መሪ ለሕዝብ ስልክ መልስ መስጠቱ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እሳቸው የአየር ሰዓቱን ጥበብ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ደዋዩ አያውቀውም። ስለዚህ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ እንግዳ ሲጋብዙ ደዋዩ ተከታይ ጥያቄ እንዲያነሳ ጊዜ ይስጡት። መልሱንም የሚያጣራ ጠንካራ ጋዜጠኛ አጠገባቸው ይቀመጥ።

አክባሪ አንባቢያችሁ