ይድረስ ለልጄ፣ ከኩዌት

የተወደድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሕንፃ ፕላንሽን ቆራርጠው የአንቺ እንዳይመስል አደረጉብኝ ብለሽ በስልክ ያለቀስሽው ግን ከሆዴ አልወጣም።

አርብ ስወጣ በባሕሩ ዳር የማልፈው አንድ ሕንፃ አለ፤ የኩዌት ምክር ቤት ነው። በባሕሩ በኩል ጣሪያው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ እንደ ድንኳን ሸራ ረገብ ብሎ ተንጠልጥሏል። ድፍን አርማታ ነው እኮ! ማን ሠራው ብዬ ሳጣራ፣ ያ የአውስትራሊያውን የሲድኒ ኦፔራ ቤት ፎቶ ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽለት ዴንማርካዊ ዮርን ኡትሶን ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

አባቱ የመርከብ መሐንዲስ ነበሩ። የሲድኒውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1957 ከ233 ንድፎች መካከል ሲያሸንፍ ገና 38 ዓመቱ ነበር። የሣለው ጣሪያ በምን ስሌት እንደሚቆም ያኔ አልታወቀም፤ መልሱ እስኪገኝ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ጣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ትልቅ ሉል ላይ እንደተቆረጡ አድርጎ አሰባቸው፤ ኩርባቸው አንድ ስለሆነም ቁርጥራጮቹን በተመሳሳይ ቅርጽ ማውጫ እየደጋገሙ ማምረት ተቻለ። ይሄንን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታስረጂኛለሽ።

ከዚያ እዚያው ሲድኒ መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ ሚኒስትር ዕቅዱን አላምንበት አሉ፣ ክፍያውንም ያዙበት። በ1966 ሥራውን ለቆ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ውስጡን ሌሎች በራሳቸው ሐሳብ ጨረሱት። በ1973 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲመርቁት እሱ አልነበረም፤ በ2008 እስኪሞትም ሕንፃውን በዓይኑ አላየውም።

ሰው ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና ያዝንለታል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሠራውን ነው የምወድለት። ኮፐንሀገን አጠገብ በባግስቬርድ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ፈልገሽ እዪ። በ1976 ነው የተመረቀችው። ከውጭ ተራ መጋዘን ትመስላለች፤ ውስጧ ስትገቢ ነጭ የአርማታ ጣሪያ እንደ ደመና ይጠቀለላል፣ ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ ሳይታይ ከላይ ይወርዳል። ቤት ሳጸዳ የምውል ሰው ነኝና ከደጁ ይልቅ ውስጡን አያለሁ፤ ይህ ሰውዬ ውስጥ ለሚቀመጠው ሰው አስቧል። የእኛው የኩዌቱ ደግሞ በ1982 አለቀ፣ በ1991 የኢራቅ ጦር ሲወጣ አቃጠለው፣ እንደገናም ተጠገነ።

ሲድኒዎችም ቢዘገዩም ፈለጉት። በ1999 ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት፣ ሕንፃው ወደፊት በምን ሐሳብ እንደሚታደስ እንዲጽፍላቸው ጠየቁት፤ እሺ አለ። ያን የሚባለው ልጁም አብሮት ሠራ፤ በ2004 በአባትየው ንድፍ የታደሰ አዳራሽም በአባትየው ስም ተሰየመ።

ለሞዴል መሥሪያ የሚሆን ብር ልኬልሻለሁ። ያንን ሳይቆራርጡት በፊት የነበረውን ፕላንሽን አትጣይው፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ