የባሕር ዳር ካራቴ አሰልጣኞች ሆይ፣ ቀበቶ አታጣድፉብን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይቺን የምጽፈው ልጄ ካራቴ በጀመረ በሁለተኛ ወሩ ቢጫ ቀበቶ አስሮ ቤት ስለመጣ ነው። ደስ ብሎኝ በል እስኪ ሄያን ሾዳንን አሳየኝ አልኩት፣ ሾቶካን የሚባለው የካራቴ ስልት የመጀመሪያው ካታ (ተራውን ጠብቆ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ነው፣ 21 እንቅስቃሴ ብቻ ነው ያለው፣ ልጄ ግን ገና ሲጀምር ወደ ግራ መዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ዞረና ቆመ፣ ከዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ለፈተናውም ለቀበቶውም ከፍለናል። የት እንደሚማር አልናገርም፣ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም።

እኛ ካራቴ የጀመርነው ጣና ዳር ሳሩ ላይ ነው፣ ንጋት ላይ በባዶ እግር፣ ጤዛው እግር ያደነዝዛል። ልብሳችን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ የሰፋልን አቡጀዲ ነበር። አሰልጣኛችን ጋሼ (በጃፓንኛ መምህር ለማለት ሴንሴ ይባላል፣ አፋችን ስላልለመደ ጋሼ ነበር የምንላቸው) «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» እያሉ ሲቆጥሩ እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳ ቀዛፊዎች ቆመው ያዩናል፣ ቆይተው እነሱም አብረው መቁጠር ለመዱ፣ የአንዱ ልጅ እንደውም ከኛ ጋር ተሰልፎ እስከ ጥቁር ቀበቶ ደርሷል። በኛ ሰፈር እንደዛ ነው ሥር የያዘው፣ ቀስ ብሎ።

የሾቶካን መሥራች ፉናኮሺ ጊቺንም የጃፓኗ ደሴት የኦኪናዋ ሰው ናቸው፣ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፣ በፈረንጆቹ 1922 ቶኪዮ ሄደው ካራቴን ሲያሳዩ እዛ ብዙም የሚያውቀው አልነበረም፣ የጁዶው ካኖ ጂጎሮ ናቸው በራሳቸው ማሰልጠኛ የተቀበሏቸው። ቀበቶውም ከጁዶ የመጣ ነው፣ ፉናኮሺ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ቀበቶዎች የሰጡት በ1924 ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲማሩ ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሌሊት ሌሊት ፋኖስ ይዘው መምህራቸው ግቢ እየሄዱ ሦስት ካታ ለመማር 10 ዓመት ፈጅቶባቸዋል!

ክፍያ አይኑር አልልም፣ አሰልጣኝም የቤት ኪራይ አለበት። ግን ፈተናው ወላጅ እያየ ይሁን፣ ያልቻለ ልጅ ገና ነህ ተመለስ ይባል። እኔን ጋሼ አንዴ ፈተና ላይ ጥለውኝ እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት፣ ያንን ካታ ግን ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እሠራዋለሁ።

ልጄን ቢጫውን ፈትተህ ነጩን እሰር ብዬዋለሁ፣ አኩርፏል። ቅዳሜ በጠዋት ሐይቁ ዳር ይዤው እወርዳለሁ፣ ከግራ እንጀምራለን።

አንድ አባት፣ ከባሕር ዳር