ታሪኩ የሚዞረው «ዌን» ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንደ «ዌን» (when) እና «አንቲል» (until) ባሉ ቃላት የሚጀምሩ ጊዜ አመልካች ሐረጎችን ለፈተና ክፍት ቦታ መሙያ ብቻ አድርገን ማስተማራችን ያንገበግበኛል። ተማሪዎቼ «አይ ዋዝ ዎኪንግ ሆም ዌን አይ ሶው ስሞክ» የሚለውን ሲያነቡ ዋናው ነገር መንገዱ ይመስላቸዋል። ወሬው ግን ያለው ከ«ዌን» በኋላ ነው። እኛ «ወደ ቤት እየሄድኩ ሳለ ጭስ አየሁ» ስንል ዱብ ዕዳው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው።

«አንቲል» ደግሞ ይብሳል። «ደብዳቤውን እስካነብ ድረስ አልገባኝም ነበር» የሚል ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሲገጥማቸው «ዲድ ኖት»ን ያዩና ጭራሽ አልገባውም ብለው ያልፋሉ። ሰውዬው የባነነው ግን ደብዳቤውን ሲያነብ ነው!

የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ እባካችሁ ከነጠላ ዓረፍተ ነገር ይልቅ አጭር ታሪክ አስገቡልን። ልጆቹ ነገሩ የቱ ጋ እንደተለወጠ ራሳቸው ፈልገው ያስምሩበት።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ